«ሙቀት አለብዎት» ሲባል፦ ስለ ቻይና ባህላዊ ሕክምና ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የቻይና ባህላዊ ሐኪም ጋ ሄደው «ሙቀት አለብዎት» ተብለው የሚመለሱ ሰዎች ግራ ይገባቸዋል። ትኩሳት የለኝም፣ ታዲያ የምን ሙቀት ነው? ጥያቄው ከዚያ ይጀምርና ወደ ምላስ፣ ወደ ሐብሐብ፣ ወደ ወባ መድኃኒት ይሄዳል። በብዛት የሚነሱትን እዚህ ሰብስበናቸዋል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቴርሞሜትሩ 36.7 እያለ እንዴት «ሙቀት አለብህ» እባላለሁ?

በቻይና ባህላዊ ሕክምና ሙቀት የሚባለው የቴርሞሜትር ቁጥር አይደለም። አብረው የሚታዩ ምልክቶች ናቸው። ሰውየው ቀዝቃዛ ነገር ጠጣ ጠጣ ይለዋል። ፊቱ ይቀላል። ሽንቱ ያንስና ቢጫነቱ ይበረታል። ሆዱ ይደርቃል። ይነጫነጫል፣ ብርድ ልብሱን ገፍፎ ይጥላል። ምላሱ ቀልቶ በላዩ ላይ ቢጫ ሽፋን ይይዛል። የደም ሥሩም ቶሎ ቶሎ ይመታል። ትኩሳት ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ግዴታ ግን አይደለም።

ተገላቢጦሹም አለ። 39 ዲግሪ ትኩሳት ያለው ሰው ብርድ ልብስ ደራርቦ እየተንቀጠቀጠ፣ ውሃ ሳይጠማው፣ ምላሱ ላይ ስስ ነጭ ሽፋን ይዞ ቢመጣ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ብርድን ነው።

የደም ሥር አቆጣጠራቸው ደስ ይላል። የጥንቱ ሐኪም የሚቆጥረው በሰዓት ሳይሆን በራሱ ትንፋሽ ነበር። እሱ አንዴ ተንፍሶ እስኪጨርስ የታማሚው ደም ሥር አራት ወይም አምስት ጊዜ ከመታ ደህና ነው። ከአምስት ካለፈ «ፈጣን» ይባላል፤ በደቂቃ ከ90 በላይ እንደማለት ነው። ፈጣን ምት ደግሞ የሙቀት ዋና ምልክት ነው። ደረጃ ሮጠው ወጥተው ወዲያው እጅዎን ከሰጡ ግን የሚቆጠረው ደረጃው ነው። መጀመሪያ አረፍ ይበሉ።

ታዲያ «ሙቀት» የበሽታ ስም ነው?

አይደለም። ሐኪሙ የሚሰጠው ስም በዚያ ሰዓት ሰውነትዎ ያለበትን ሁኔታ የሚገልጽ ነው፤ «ጄንግ» ይሉታል። የሳንባ ምች የያዘው፣ ድዱ መግል የቋጠረበትና ሲሸና የሚያቃጥለው ሦስቱም «ሙቀት» ሊባሉ ይችላሉ። በሌላ በኩል፣ አንድ ዓይነት ጉንፋን የያዛቸው ሁለት ሰዎች አንዱ «ሙቀት»፣ ሌላው «ብርድ» ተብለው የተለያየ መድኃኒት ይዘው ይወጣሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 አጽድቆ በ2022 ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ ለእነዚህ ጄንጎች አንድ ምዕራፍ ሰጥቷል። «ፈዋሽነቱ ተረጋገጠ» ብለው የሚያወሩ አሉ። ድርጅቱ ግን ምዕራፉ ለመመዝገብና ለመቁጠር እንጂ ለሕክምናው ምስክርነት አለመሆኑን ተናግሯል።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

ከውጭም ከውስጥም። ከውጭ ሰው የሚያጠቁት ስድስት ናቸው ይላሉ፦ ነፋስ፣ ብርድ፣ የበጋ ሐሩር፣ እርጥበት፣ ድርቀትና እሳት። ብርድ ራሱ ሰውነት ውስጥ ገብቶ መውጫ ካጣ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ከውስጥ የሚነሳው ደግሞ ከቅመምና ከቅባት፣ ከመጠጥ፣ እንቅልፍ ከማጣት፣ ከታመቀ ንዴት ነው።

ከዚያ የት እንደተቀመጠ ይታያል። ዓይን ቀልቶ፣ ራስን ወጥሮ፣ አፍ መርሮት ሰውየው በትንሽ በትልቁ የሚቆጣ ከሆነ የጉበት እሳት ነው። የምላስ ጫፍ ቆስሎ እንቅልፍ ከጠፋ የልብ ነው። ድድ አብጦ፣ አፍ ሸትቶ፣ በልቶ ሳይቆይ መልሶ ከራበው የጨጓራ ነው። ወፍራም ቢጫ አክታ የሳንባ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደነግጣል። «የጉበት እሳት» ሲባሉ ጉበትዎ ታሟል ማለት አይደለም። በዚህ ትምህርት ጉበት ማለት በአልትራሳውንድ የሚታየው አካል ብቻ አይደለም፤ የብዙ ሥራዎች መጠሪያ ነው። በዚያው ልክ እውነተኛ የጉበት በሽታም ምላስ በማየት አይታወቅም። ለእሱ የደም ምርመራ አለ።

ሙቀት ከእርጥበት ጋር ሲደባለቅ ሁሉም ነገር ይንቀረፈፋል። ሰውነት ይከብዳል፣ አፍ ይጣበቃል፣ ምላስ ላይ ወፍራም ቢጫ ሽፋን ይቀመጣል። የቻይና ሐኪሞች ዘይት ከዱቄት ጋር ከተለወሰ በኋላ ለይተህ እንደማታወጣው ነው ይላሉ። ለዚህ ነው ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመም በሦስት ቀን እሻላለሁ ብሎ ተስፋ የሚሰጥ የሌለው።

«ሙሉ ሙቀት» እና «ባዶ ሙቀት» ምንድን ናቸው?

የሁሉም ነገር መሠረት ይህ ጥያቄ ነው። ስህተትም በብዛት የሚሠራው እዚሁ ላይ ነው።

ሙሉ ሙቀት እውነተኛ ትርፍ ነው። በድንገት ይመጣል። ፊት ሙሉ ለሙሉ ይቀላል፤ ሰውየው ቀዝቃዛ ውሃ ይጨልጣል፤ ድምፁ ከፍ ይላል፤ ሆዱን ሲነኩት አይወድም፤ የደም ሥሩ በኃይል ይመታል። ትርፍ ስለሆነ የሚደረገው ማውጣት ነው። ጂፕሰም የሚባለው ድንጋይ ተፈጭቶ ይቀቀላል። ሆድ ከደረቀ የሩባርብ ሥር ይጨመርና ያስቀምጠዋል።

ባዶ ሙቀት ላይ ግን ምንም ትርፍ የለም። የጎደለው ዪን ነው፤ ማለትም ሰውነትን የሚያረጥበውና የሚያቀዘቅዘው ወገን። ያ ሲቀንስ፣ ያልጨመረው ያንግ፣ ማለትም የሚያሞቀው ወገን፣ ብቻውን በዝቶ ይታያል። ምልክቶቹ ዝግ ያሉ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ሞቅ ሞቅ ይላል። የሚቀሉት ጉንጮች ብቻ ናቸው። ሁለቱ መዳፎች፣ ሁለቱ የእግር መርገጫዎችና ደረት ይቃጠላሉ፤ «የአምስቱ ማዕከላት ሙቀት» የሚሉት ይህን ነው። ሌሊት እግሩን ከብርድ ልብስ አውጥቶ የሚተኛ ሰው ሲያዩ እሱን ይጠይቃሉ። ላቡ የሚመጣው ተኝቶ እያለ ነው፤ ሲነቃ ይቆማል። አፉ ይደርቃል፣ ግን ውሃውን ጎንጨት አድርጎ ይተወዋል። ምላሱ ቀይ፣ ቀጭን፣ ሽፋን የሌለው፣ አንዳንዴም የተሰነጣጠቀ ነው።

ይህን ሰው እንደ መጀመሪያው ሰው የሚያስቀምጥና የሚያቀዘቅዝ መድኃኒት ከሰጡት ይብስበታል፤ ምግብ መብላትም ይተዋል። እሱ የሚያስፈልገው መሙላት ነው። ከ1281 እስከ 1358 የኖረው ዡ ዳንሺ «ያንግ ሁልጊዜ ይተርፋል፣ ዪን ሁልጊዜ ይጎድላል» ሲል ያስተማረው በዚህ ምክንያት ነው። ከእሱ በፊት በ12ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ሊዩ ዋንሱ አብዛኛውን ሕመም ከእሳት ጋር አያይዞ በቀዝቃዛ መድኃኒቶች በማከም ይታወቅ ነበር።

አሁን በጣም የሚያሳስበው ነገር። የሌሊት ላብ፣ ከሰዓት በኋላ የሚመጣ ቀላል ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ የማይለቅ ሳል። ይህ የባዶ ሙቀት መግለጫ ነው፤ የቲቢም መግለጫ ነው። ድንገተኛ መመሳሰል አይደለም። የድሮዎቹ ሐኪሞች ይህን ሥዕል ሲጽፉ ፊታቸው ከተቀመጡት ታማሚዎች ብዙዎቹ ዛሬ ቲቢ የምንለው የያዛቸው እንደነበሩ መገመት አይከብድም። ሳል ከሁለት ሳምንት ካለፈ መጀመሪያ የአክታ ምርመራ ነው። ዪን መሙላቱ ይደርሳል።

የበጋ ሐሩር ለምን ለብቻው ተነጠለ?

«ሹ» ይሉታል። ከሌሎቹ የሚለየው ወቅት ያለው በመሆኑ ነው። የቻይና ሕክምና ጥንታዊው መሠረታዊ መጽሐፍ ከሰኔ አጋማሽ፣ ማለትም ፀሐይ ሰሜን ጫፍ ከምትደርስበት ዕለት በኋላ የመጣውን ትኩሳት ሹ ይለዋል። ከዚያ በፊት ከመጣ ሌላ ስም አለው። ከሐምሌ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ያሉት ሦስቱ «ፉ» የሚባሉ ክፍሎች የዓመቱ ሞቃት ቀናት ናቸው። (እኛ ደጋ ላይ በዚያው ሰሞን ጋቢ ለብሰን በቆሎ እንጠብሳለን። ስሌቱ ለቻይና የአየር ጠባይ የተሠራ ነው።)

ሹ ሁለት ነገር ይበላል፦ ውሃንና ጉልበትን። ላብ ይፈሳል፣ አብሮም አቅም ይሄዳል። ስለዚህ ማቀዝቀዝ ብቻውን አይበቃም፤ ለዚህ ነው ጂፕሰም ባለበት «ነጭ ነብር» በሚባለው መድኃኒት ላይ ጉልበት ይሰጣል የሚባለው ጂንሰንግ የተባለ ሥር የሚጨመረው። መድኃኒቱ ጂፕሰም፣ ጂሙ የሚባል ሥር፣ ጋን ጻኦ የሚባል ጣፋጭ ሥርና አንድ እፍኝ ሩዝ ነው። ሩዙ ጨጓራን እንዲጠብቅ ነው። ሐብሐብንም ቻይናውያን «የተፈጥሮ ነጭ ነብር» ብለው ይጠሩታል። ቤት ውስጥ ደግሞ ማሾ ይቀቀልና ቀዝቅዞ ውሃው ይጠጣል።

ሌላ ዓይነት ሹ አለ። በሐሩር ቀን ከውጭ ገብቶ ኤሲ ሥር የተኛ፣ በላዩ ላይ በረዶ ያለው መጠጥ የጠጣ ሰው ያቅለሸልሸዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ብርድ ብርድ ይለዋል። ለዚህ የሚሰጠው ሁዎሺያንግ ጄንግቺ ነው። በትንንሽ ብልቃጥ ይሸጣል። ሲከፍቱት ሽታው ክፍሉን ይሞላዋል፤ ሲጠጡት ደግሞ ጉሮሮን እንደ አረቄ ያቃጥላል። እውነትም ፈሳሹ ዓይነት አልኮል አለበት። ስለዚህ ከሜትሮኒዳዞል ጋርና ሴፍ ከሚል ስም ከሚጀምሩ አንዳንድ አንቲባዮቲኮች ጋር አይወሰድም፤ ተወስዶም መኪና አይነዳም። ፀሐይ ላይ ሲሠራ ውሎ ለተቃጠለ ሰው መስጠትማ ተሳስቶ ማሳሳት ነው። ያ ሰው የሚያስፈልገው ሌላ ነው።

ዱባይ ወይም ሪያድ ላይ ሰው ሙቀት መትቶት ቢወድቅ የቻይና መድኃኒት ይረዳል?

አይረዳም። ይህን ጥያቄ በጄንግ አንመልሰውም።

ሰው ሙቀት ውስጥ ቆይቶ ከተምታታበት፣ ከቀባጠረ፣ ከተንገዳገደ ወይም ራሱን ከሳተ የውስጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ አልፎ ሊሆን ይችላል። ላብ ማላቡ አያዘናጋዎት፤ እያላበውም ሊሆን ይችላል። አምቡላንስ ይጥሩ፤ ኤምሬትስ 998፣ ሳውዲ 997 ነው። እስኪመጣ ድረስ ጥላ ውስጥ ያስገቡት፣ ልብሱን ያውልቁ፣ ውሃ ያፍስሱበት፣ ያራግቡለት። በረዶ ካለ አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ ያድርጉ። ገንዳ ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ ካለ ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው፤ ጭንቅላቱን ከውሃው በላይ ይዘው ያስገቡት። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይስጡ። ውሃም ቢሆን።

በሁለቱም አገሮች ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሥር ማሠራት ክልክል ነው። በየአገሩ ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ሲነገር፣ ኤምሬትስ ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00፣ ሳውዲ ከ6፡00 እስከ 9፡00። ይህን መብት የማያውቅ ሠራተኛ ብዙ ነው፤ ንገሩት።

በሽታው አንድ ከሆነ መድኃኒቱ ለምን ይለያያል?

በ1950ዎቹ የሆነ አንድ ታሪክ ከማንኛውም ማብራሪያ የተሻለ ያስረዳል።

በ1954 እና በ1955 በጋ ሺጃጁዋንግ ከተማ ውስጥ ትንኝ የሚያስተላልፈው የአንጎል ትኩሳት ተነስቶ ነበር። ጉዎ ከሚንግ የሚባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ነጭ ነብርን መሠረት አድርገው አከሙ። ውጤቱ ስለተወራለት መንግሥት ለሌሎች ከተሞች አሰራጨው። በ1956 በሽታው ቤጂንግ ሲገባ ሐኪሞች ያንኑ መድኃኒት ይዘው ጀመሩ። አልሠራም። ፑ ፉዡ የሚባሉት አዛውንት ሐኪም መልስ ሰጡ፦ ዘንድሮ ቤጂንግ ዝናብ በዝቷል፤ ይህ ሙቀት እርጥበት አለበት። እርጥበት የሚያወጡ ነገሮች ተጨመሩና ታማሚዎች ተሻላቸው ተብሎ ይተረካል።

ታሪኩን የቻይና ባህላዊ ሕክምና ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ እንደ ማስረጃ አልወስደውም። ማነጻጸሪያ ቡድን የለም፤ ወረርሽኝም በራሱ ጊዜ ይለዝባል። አስተሳሰቡን ግን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ቫይረሱ ያው ነው፤ ጄንጉ ግን ተለውጧል።

ክርክሩ ራሱ የቆየ ነው። በሃን ሥርወ መንግሥት ማብቂያ፣ 200 ዓ.ም. አካባቢ፣ ጃንግ ጆንግጂንግ ትኩሳትን በአብዛኛው ከብርድ አስነስቶ ጻፈ። ለዘመናት ሁሉም እሱን ተከተለ። በ1641 በምሥራቅ ቻይና ወረርሽኝ ሲገባና የብርዱ መድኃኒት እምቢ ሲል፣ ዉ ዮሺንግ ይህ ብርድ ሳይሆን በአፍንጫና በአፍ የሚገባ ክፉ አየር ነው ብሎ በ1642 ጻፈ። ጀርም ሳይታወቅ ነው ይህን ያለው። ቀጥሎ የሱዡ ከተማው ሐኪም ዬ ቲያንሺ ሙቀት ከላይ ወደ ውስጥ በአራት ደረጃ ይገባል አለ፤ ከቆዳ አካባቢ ጀምሮ እስከ ደም። ደም ከደረሰ ቆዳ ላይ ነጠብጣብ ይወጣል፣ ሰውየው ይቃዣል። ዉ ጁቶንግ ደግሞ በ1798 ሁሉንም አደራጅቶ አቀረበው። ዛሬ ቻይና ውስጥ ጉሮሮ ሲከረክር ከየፋርማሲው የሚገዛው የዪን ቺያዎ ክኒን መነሻው የእሱ መጽሐፍ ነው።

ቻይናውያን ጓደኞቼ «ሻንግ ሁዎ ሆነብኝ» ይላሉ። ምን ማለታቸው ነው?

እሳቱ ወደ ላይ ወጣብኝ ማለታቸው ነው። ብጉር፣ የአፍ ቁስል፣ ጉሮሮ መከርከር፣ የድድ እብጠት። ሐኪም ጋ የሚያስኬድ ነገር አይደለም፤ ትናንት ምን እንደበላ ያስባል። የተጠበሰ ነገር፣ ሆት ፖት፣ ላይቺ የሚባለው ፍሬ፣ ዱሪያን፤ ጥፋተኞቹ ይታወቃሉ።

ደቡቡ፣ በተለይ ጓንግዶንግ፣ መፍትሔውን መንገድ ላይ ያገኛል። «ሊያንግ ቻ» የሚሸጡ ጠባብ ሱቆች አሉ። ከፊት ትልልቅ የመዳብ ማሰሮ ተደርድሯል። ሻጯ ምን እንደሚያምዎት ትጠይቅና ከአንዱ ትቀዳለች። ስሙ «ቀዝቃዛ ሻይ» ቢሆንም ብዙ ጊዜ ትኩስ ነው፤ ሻይ ቅጠልም የለበትም። ጥቁር ነው፤ ኮሶ ያስታውሳል። 24 ዓይነት ቅመም አለበት የሚባለውን የደፈረ አፉን የሚያጣፍጥበት ደረቅ ፕለም ይሰጠዋል። በ1828 ጓንግዡ ውስጥ የተጀመረው ዋንግላኦጂ ዛሬ ቀይ ጣሳ ውስጥ ገብቶ እንደ ለስላሳ ይሸጣል። በጣሳው ያለው ግን ስኳር ነው የሚጣፍጠው፤ ከሱቁ መራራ ጋር ዝምድናቸው የስም ያህል ነው።

ይህ ነገር ከእኛ ምች ጋር አንድ ነው?

አንድ አይደለም፤ ግን ጎረቤት ነው። ሁለቱም ከውጭ የመጣ ነገር ሰውን መታው ብለው ይጀምራሉ። ሁለቱም ትኩሳቱን፣ ራስ ምታቱንና ከንፈር ላይ የሚወጣውን ቁስል አንድ ላይ ያያይዛሉ። ሁለቱም ሽታ ያለው ቅጠል ይፈልጋሉ። እኛ ዳማከሴ ጨምቀን በቡና እንጠጣለን፣ እናሸታለን፣ ሰውነት እናሻለን። እነሱ ለጀማሪው የነፋስ ሙቀት ናናና የእንጆሪ ዛፍ ቅጠል፣ ለእርጥቡ ሹ ሁዎሺያንግ ይሰጣሉ። ዳማከሴ፣ በሶብላ፣ ናናና ሁዎሺያንግ በዕፅዋት አመዳደብ የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው።

የሚለያዩበት፣ ምች አንድ ስም ነው፤ መድኃኒቱም በአብዛኛው አንድ ነው። የቻይናው ሐኪም ግን ምች ነው ብለው ቢነግሩት «የትኛው?» ብሎ ምላስዎን ይጠይቃል። ከንፈር ላይ የሚወጣው ቁስል በሁለቱም አገር ብዙውን ጊዜ ሄርፒስ የሚባል ቫይረስ ነው።

እጅና እግሬ በረዶ ሆኖ «ሙቀት አለብህ» ተባልኩ። ተሳስቷል?

ላይሳሳት ይችላል። ውስጡ የታፈነ ሙቀት ወደ ዳር ስለማይደርስ እጅና እግር ይቀዘቅዛል ብለው ያምናሉ። ጃንግ ጆንግጂንግ መለያውን ጽፎታል፦ ሰውነቱ ቀዝቅዞ ልብስ መደረብ የማይፈልግ ሰው ብርዱ ቆዳው ላይ፣ ሙቀቱ መቅኒው ውስጥ ነው። ሆድ ይነካል፣ ምላስ ይታያል፣ ጥማት ይጠየቃል።

ከፍተኛ ትኩሳት ያለው ሕፃን እጅና እግሩ ከቀዘቀዘ፣ ከነጣና ከፈዘዘ ግን የደም መመረዝ ሊሆን ስለሚችል ሆስፒታል ነው።

ምን ልብላ፣ ምን ልተው?

በእነሱ መዝገብ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሚጥሚጣ፣ ቀረፋና የበግ ሥጋ ሞቃት ናቸው። ሐብሐብ፣ ኪያር፣ ማሾ፣ ቶፉ፣ አረንጓዴ ሻይና ገብስ ቀዝቃዛ። ሩዝ መሐል ላይ ነው። ዝርዝሩን አይተው ዶሮ ወጥ ይከለከላል ብለው ከገመቱ ልክ ነዎት፤ ግን ለሙሉ ሙቀት፣ ለዚያውም ለጥቂት ቀናት ነው። ፍሪጅ ውስጥ መግባት ምግብን «ቀዝቃዛ» አያደርገውም፤ ትኩስ የማሾ ሾርባም ቀዝቃዛ ነው።

የወባ መድኃኒት ከዚህ ሕክምና መጣ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ መንገዱ ግን ሰው እንደሚያወራው ቀጥ ያለ አይደለም። ቺንግሃኦ የሚባለው ተክል ለሹ፣ ለባዶ ሙቀትና ብርድ ብርድ እያለ ለሚመላለስ ትኩሳት ይሰጥ ነበር። ቱ ዩዩ የምትመራው የቤጂንግ ቡድን ተክሉን ቢቀቅለውም ውጤቱ ይዋዥቅ ነበር። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ገ ሆንግ የጻፈው ምክር ግን ቀቅሉ አይልም። አንድ እፍኝ ቺንግሃኦ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ጨምቃችሁ ጠጡ ነው የሚለው። ሙቀቱ ንጥረ ነገሩን እያበላሸው ይሆን ብላ በ1971 ባነሰ ሙቀት በሚተን ኢተር በሚባል ፈሳሽ አወጣችው። ሠራ። በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሰጣት።

ኢትዮጵያ ከ2004 ጀምሮ ለፋልሲፓረም ወባ የምትሰጠው ኮአርተም ውስጥ ያለው አርቴሜተር የዚያ ልጅ ነው። ሐኪሞቹ ይህን ያገኙት «ሙቀት»ን በመከተል ሳይሆን ወባ ያለባቸው አይጦች ላይ እየሞከሩ ነው። የእኛ ጭቁኝ የዚሁ ተክል ዘመድ ቢሆንም ወባ አያድንም። የቺንግሃኦ ሻይ ራሱም ለወባ እንዳይወሰድ የዓለም ጤና ድርጅት ያስጠነቅቃል፤ መጠኑ አይታወቅም፣ ወባውንም መድኃኒት ሊያለማምደው ይችላል።

በሳይንስ ተረጋግጧል?

በቁርጥራጭ ካልሆነ በቀር አልተረጋገጠም። አንድ ታማሚ ለየብቻ ለሚያዩት ሐኪሞች ቢቀርብ የሚሰጡት ጄንግ ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ይህ ትልቅ ድክመት ነው። ለማረጥ ሙቀት በአውስትራሊያ የተሠራ አንድ ጥናት በ2016 ወጥቶ ነበር። 327 ሴቶች ነበሩ፤ ሁሉም የኩላሊት ዪን ጉድለት፣ ማለትም ባዶ ሙቀት ያለባቸው ተብለው የተመረጡ። ግማሾቹ እውነተኛ አኩፓንክቸር (የመርፌ ሕክምና)፣ ግማሾቹ ቆዳ የማይወጋ የማስመሰያ መርፌ ተደረገላቸው። ሙቀቱ በሁለቱም ወገን 40 ከመቶ ገደማ ቀነሰ። ልዩነት አልነበረም። እንክብካቤው ረድቷል ማለት ይቻላል፤ መርፌው ረድቷል ማለት ግን አይቻልም።

ከዕፅዋት ስለሆነ አይጎዳም አይደል?

ይጎዳል። ሎንግዳን ሺዬጋን የሚባል የጉበት እሳት ክኒን ነበር፤ አሁንም አለ። ውስጡ ጓን ሙቶንግ የሚባል ተክል ይገባ ነበር። ተክሉ አሪስቶሎኪክ አሲድ አለው፤ ኩላሊት ይገድላል፣ ካንሰርም ያመጣል። ክኒኑን ለወራት የወሰዱ ሰዎች ኩላሊታቸውን አጡ። ቻይና ተክሉን በ2003 ከመድኃኒትነት ሰረዘችው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጂየም ውስጥም ለመክሳት ብለው የቻይና ቅጠል የወሰዱ ከ100 በላይ ሴቶች በዚሁ አሲድ ተጎድተዋል፤ አንዱ ሥር በሌላው ተተክቶ ነበር።

ጥንታዊው የአንጎንግ ኒዩሁዋንግ እንክብል ሜርኩሪና አርሴኒክ ያላቸው ማዕድናት አሉበት። በኮቪድ ጊዜ በየሻንጣው የዞረው ሊያንሁዋ ቺንግዌን ውስጥ ደግሞ ግፊት የሚጨምር ኤፌድራና ሆድ የሚያላላ ሩባርብ አለ። ግፊት ወይም የልብ ሕመም ካለብዎት፣ ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የሚወስዱ ከሆነ ያለ ሐኪም አይንኩት። ፓኬቱ ላይ በቻይንኛ ብቻ የተጻፈና ከምን እንደተሠራ የማይታወቅ ክኒንም ዘመድ ያመጣው ቢሆን ይቅርብዎት።

ለመሄድ ወስኛለሁ። ምን ልዘጋጅ?

የቻይና የሕክምና ቡድኖች ከ1974 ጀምሮ ኢትዮጵያ ይመላለሳሉ፤ አዲስ አበባ ላይ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ይሠራሉ፣ አኩፓንክቸር የሚያውቁም አብረው ይመጣሉ። የትም ይሂዱ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ስም ይዘው ይሂዱ። የሚሰጡዎት ቅጠልና ሥር ምን ምን እንደሆነ በዝርዝር ያስጽፉ።

ጠዋት ምላስዎን በብሩሽ አይፈትጉ፤ ሽፋኑ ነው የሚታየው። ቡናም ከምርመራው በኋላ ይሁን። የእርድ አልጫ፣ ቡናና ከረሜላ ምላስን ያቀልማሉ። ሐኪሙ ቢጫውን አይቶ የሌለብዎትን ሙቀት ይጽፍልዎታል።